የኪስ ካሜራ ተስፋና ጥርጣሬ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በፎቶግራፍ ማኅበር አባሎች የተሰማ ንግግር)





ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ እርሻና ስለ ጤና ከፍ ያለ ነገር አሰምተዋችኋል። እኛ በመዳፍ ስለምትያዝ አንዲት መሣሪያ ለመናገር መነሣታችን ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቀልድ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ ምክንያቱንም እንደሚከተለው እንገልጣለን።

በውጭ አገር የሚኖሩ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች ለዚህ በዓል መታሰቢያ የሚሆን ስጦታ ለማኅበራችን ለመላክ አስበው፥ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ከደረሰን ጀምሮ ማኅበራችን ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ሰንብቷል። እኩሌቶቻችን፥ ሪኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በቅርቡ ያወጣው ጂአር 4 የሚባለው የኪስ ካሜራ ይላክልን ስንል፥ እኩሌቶቻችን ደግሞ አይሆንም ብለናል። ዛሬ የምናሰማችሁ የሁለቱን ወገኖች ሐሳብና በመጨረሻ የተስማማንበትን ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጥ። የዚህ ካሜራ መውጣት የተነገረው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ፥ እዚህ ሰቆጣ ላይ ልጃገረዶቻችን ለሻደይ ሲሰናዱ ነበር፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለሽያጭ ቀረበ። ክብደቱ ከነባትሪው 262 ግራም ብቻ ስለ ሆነ በኪስ ይያዛል። ትውልዱም የቆየ ነው። የመጀመሪያው ጂአር በፊልም የሚሠራ ሆኖ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ዲጂታሉ በ2005፥ ትልቅ ሴንሰር ያለው በ2013፥ ጂአር 3 ደግሞ በ2019 ተከትለዋል። ዕውቁ ጃፓናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ዳይዶ ሞሪያማ በቶኪዮ መንገዶች እየተዘዋወረ በእንዲህ ያለች ትንሽ ካሜራ ብዙ ሥራ ሠርቷል።

ሴንሰር ማለት ቀድሞ ፊልም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተተክቶ ብርሃንን የሚቀበል ሰሌዳ ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 23 ሚሊሜትር፥ ቁመቱ 15 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህን ስፋት ከብዙዎቹ ስልኮች ሴንሰር ጋር ብናስተያየው አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ሰፊ ገበቴ ከጠባብ ዋንጫ ይልቅ ብዙ ውኃ እንደሚሰበስብ ሁሉ፥ ሰፊ ሴንሰርም ብርሃን ባነሰበት ቦታ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ከዚህ የተነሣ ሥዕሉ በጨለማ ቤት ውስጥ እንኳ ጥራቱን ይጠብቃል፤ በትልቅ ወረቀት ቢታተምም አይበላሽም። የነጥቦቹ ብዛት ወደ 26 ሚሊዮን ይደርሳል። ሌንሱ አንድ ብቻ ነው፤ አይለወጥም፥ ሩቁንም አያቀርብም። እጅ ቢንቀጠቀጥ ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ንቅናቄውን ያስተካክላል።

እንግዲህ የተስፈኞቹን ወገን ሐሳብ እናሰማ።

ተስፋችን ከመሣሪያው ውበት የመነጨ ብቻ አይደለም። የአገራችን ታሪክ ራሱ የሚያስገድደን ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከወታደሮቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ፥ በእኛ በኩል ያሉትን ተራሮች እያለፈ፥ መንገዱንና ያገኘውን ሰው አንሥቷል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በኮረም ያዘጋጁት ፊልም ለዓለም ታየ። ያን ጊዜ ኮረምም ዋግም በወሎ ክፍለ አገር ውስጥ ነበሩ፤ በድርቁ ከተጎዱት መካከል የእኛ አያቶችና አጎቶች ነበሩ። ያ ፊልም ብዙ እርዳታ አምጥቷል፥ የብዙ ሰው ነፍስም አትርፏል፤ ይህን የሚክድ የለም።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ አገራችን በዓለም ዓይን የቀረችው በዚያች በአንዲት ክፉ ቀን መልክ ነው። በነዚያ ፎቶግራፎች ላይ የሚታዩት ሰዎች ስም ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም። እናት ናት እንጂ እገሊት ናት አልተባለም። ሥዕሉን ያነሣው እንግዳ ነው፤ የወሰደውም እንግዳ ነው፤ የተነሣው ሰው ግን የራሱን መልክ በእጁ ይዞ አላየውም።

እኛ የምናውቀው ዋግ ሌላም መልክ አለው። በነሐሴ 16 ቀን የሚጀምረው ሻደይ፥ ልጃገረዶች ለምለሙን ቄጠማ በወገባቸው ታጥቀው ሲጨፍሩ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ከሰቆጣ ከተማ አቅራቢያ ከአለት የተፈለፈለውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እናውቃለን። ነጩን የዋግ ማር ከቀፎ የሚቈርጠውን አባት፥ የአበርገሌን ፍየል የሚጠብቀውን እረኛ፥ ከተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ አጥምዶ የሚኖረውን ጎልማሳ እናውቃለን። ኽምጣኛ ተረት እያወሩ ልጅ የሚያሳድጉትን አያቶች እናውቃለን። እነዚህን ሁሉ የዋግ ልጅ ራሱ አንሥቶ፥ ስማቸውን ጽፎ፥ ለልጅ ልጅ ቢያቈይ ምንኛ መልካም ነው!

ለዚህ ሥራ ደግሞ ትንሽ ካሜራ ከትልቅ ይሻላል ብለን እናምናለን። ትልቅ ካሜራ ከነረጅም ሌንሱ ሲደቀንበት ሰው ፊቱን ያጠነክራል፤ ሽማግሌው ነጠላውን ያስተካክላል፥ ልጁ ይሸሻል ወይም ይሰለፋል። ትንሿ ግን አታስፈራም። ከዚህም በላይ የዚህ ካሜራ ሌንስ ሰፊ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ ቆሞ ሰውን ሰርቆ ማንሣት አይመችም። ጥሩ ሥዕል ለማግኘት መጠጋት ያስፈልጋል፤ ለመጠጋት ሰላምታ ማቅረብ፥ ሰላምታ ላቀረበም ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ መናገር ይገባዋል። ስለዚህ ይህች ካሜራ ያዡን ጨዋነት ታስተምራለች እንላለን።

ሌላም ምቾት አላት። ባትሪዋ በስልክ ገመድ ይሞላል፤ ስለዚህ መብራት በጠፋበት ቀን ስልካችንን በምንሞላበት በፀሐይ ኃይል ልንሞላት እንችላለን። የምትቀበለውም ካርድ በብዙ ስልኮች የምናውቀውን ትንሹን ካርድ ነው። በውስጧም የራሷ ሰፊ ማስቀመጫ አላት። ለመነሣት አንድ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም።

የተስፈኞቹ ነገር ይህ ነው። አሁን የተጠራጣሪዎቹን እንስማ፤ እነርሱም የተናገሩት ከምቀኝነት ሳይሆን ከማሰብ ነው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ዋጋው ነው። ካሜራው ሲወጣ በአሜሪካ የተሸጠው 1,500 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ነው። ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ብር አልፎ ሄዷል። በመቶ ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ 150,000 ብር ይሆናል። ይህም ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት ነው። በእርግጥ ከርሱ የባሱ አሉ። ፉጂፊልም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤክስ 100 ስድስተኛው በ1,600 ዶላር ሲሸጥ ፈላጊው በዝቶ ሰው ወራት ጠብቋል፤ ሶኒ በ2025 ያወጣው አርኤክስ 1 አር 3 ከ5,000 ዶላር ያልፋል፤ ላይካ በ2023 ያወጣው ኪው 3 ወደ 6,000 ይጠጋ ነበር። ነገር ግን የጎረቤት በቅሎ መወደድ የእኛን አህያ አያረክሰውም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ አቧራ ነው። በዋግ ምድር በበጋ ወራት የሚነሣውን አቧራ ለእናንተ መግለጥ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይህ ካሜራ አቧራና ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የታሸገ አይደለም። ሌንሱ ሲበራ ወደ ፊት ይወጣል፥ ሲጠፋ ይገባል፤ በሚወጣና በሚገባ ጊዜም አየር ይስባል፥ አየሩም አቧራውን ያስከትላል። ከርሱ በፊት የነበረው ጂአር 3 በዚህ ምክንያት ከብዙ አገር ሰዎች ወቀሳ ደርሶበታል። አምራቹ በአዲሱ ላይ አቧራ ማራገፊያውን እንዳሻሻለ ይናገራል፤ ሆኖም የዋግን አቧራ ይችለው እንደ ሆነ የሚታወቀው እዚህ ሲፈተን ነው። ሌንሱ በሚለወጥ ካሜራ ላይ አቧራ ቢገባ ሌንሱን አውልቆ በጥንቃቄ ማጽዳት ይቻላል። ይህኛው ግን ካልተፈታ አይጸዳም፤ የሚፈታውም ባለሙያ በሰቆጣ የለም።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ካሜራው ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት መስኮት የለውም፤ ሁሉም ነገር የሚታየው ከጀርባው ባለው መስታወት ነው። በቀትር ፀሐይ በዚያ መስታወት ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የራስ ጥላ ነው። ባትሪውም ቢሆን ከአንድ ሙሌት የሚያነሣው 250 ሥዕል ያህል ስለ ሆነ ለአንድ የሻደይ ቀን አይበቃም።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ከመካከላችን ብዙዎች ስልክ አላቸው። የዛሬ ስልክ አንድ ጊዜ ሲነካ ብዙ ሥዕሎችን በቅጽበት አንሥቶ በሒሳብ ስለሚያዋሕዳቸው፥ የሴንሰሩ ማነስ በስልኩ መስታወት ላይ ያን ያህል አይታወቅም። ታዲያ በስልካችን ምን ሠራን? በስልካችን ውስጥ ያሉት ሺህ ሥዕሎች ስንቶቹ ስም አላቸው? ስንቶቹስ ታትመው ለባለቤታቸው ተሰጥተዋል? በያዘው መሣሪያ ያልሠራ ሰው አዲስ መሣሪያ ቢጨመርለት የሚጨምረው ሥራ ሳይሆን ምኞት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን እንፈራለን። በዓለም ያሉ የካሜራ ወዳጆችም ከዚህ በሽታ የዳኑ አይደሉም፤ አዲሱ ሳይወጣ ስለ አዲሱ ይከራከራሉ፥ በወጣም ማግስት ስለሚቀጥለው ያልማሉ፤ የገዙት ግን በመሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

አምስተኛው፥ ካሜራው አንድ፥ እጁ ብዙ መሆኑ ነው። ማን ይይዘዋል? በዕረፍት ጊዜ የት ያድራል? ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚመጣ ስጦታ ጠብ ይዞ ይመጣል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤

ሁለቱን ወገኖች ስናዳምጥ ከቆየን በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልን። ተስፈኞቹ የተመኙት ካሜራውን ሳይሆን ካሜራው ያመጣዋል ያሉትን ሥራ ነው። ተጠራጣሪዎቹም የነቀፉት ሥራውን ሳይሆን፥ ሥራው ከካሜራው ጋር በፖስታ ታሽጎ ይመጣል የሚለውን ሐሳብ ነው። ፎቶግራፍ አራት ነገሮች አሉት፤ ማንሣት፥ ስም መጻፍ፥ ማተምና መጠበቅ። ካሜራው ጥሩም ቢሆን የሚረዳው በመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስቱ የእኛ ናቸው።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን የአገራችን ሰዎች አሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከርሱም በኋላ ልጆቹ ሙያውን ወርሰው ሠሩ። በዚያ ዘመን የነበሩት ካሜራዎች ከዛሬው ጋር ሲነጻጸሩ ከባድና ዘገምተኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ሥዕሉ በመስታወትና በወረቀት ላይ ተጠብቆ ስለ ኖረ የዚያን ዘመን ሰዎች መልክ ዛሬ እናያለን። በእኛ ዘመን ደግሞ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሥርታ የአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን በአፍሪካ ምድር እንዲያሳዩ አድርጋለች። ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ወገኖቻቸውን ያጡትን ሰዎች ኀዘን አንሥቶ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም የፕሬስ ፎቶግራፍ ውድድር ሽልማት አግኝቷል። ኢትዮጵያዊ እጅ የኢትዮጵያን ኀዘንም ሆነ ደስታ በክብር ማንሣት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለ መጠበቅም እንናገር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን ትተው ወደ ሰቆጣ መጥተዋል። ሰው ሲሰደድ የሚይዘው ልጁንና ስንቁን ነው። በስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ሥዕል ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለም ሥዕል ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። የሚተርፈው ከአንድ ቦታ በላይ የተቀመጠ ነው።

ስለዚህ ለቀድሞ ተማሪዎች የጻፍነው መልስ የሚከተለው ነው። በዚህ ዓመት እንዲላክልን የለመንነው አንድ ፎቶግራፍ ማተሚያ ከነቀለሙና ከነወረቀቱ፥ ደግሞም ሥዕል የሚቀመጥባቸው ሁለት ዲስኮች ናቸው። አንዱ ዲስክ በትምህርት ቤታችን፥ ሁለተኛው በሌላ ቤት ይቀመጣል። የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ለወረቀትና ለቀለም እንዲቈይ ጠይቀናል፤ ማተሚያ ያለ ቀለም መስቀያ የሌለው ጋን ነውና።

ካሜራው ግን አልተሰረዘም፤ ለከርሞ ተላልፏል። እስከሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ድረስ በስልኮቻችን ሠርተን መቶ ሥዕሎች በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። በእያንዳንዱ ሥር የሰውየው ሙሉ ስም፥ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል። ኽምጣኛ ስም ያለው ነገር በኽምጣኛ ስሙም ይጻፋል። ለተነሣውም ሰው አንድ ቅጂ በእጁ ይሰጠዋል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ የሰው ቤት ያለ ፈቃድ አይነሣም። ከዚሁ ጎን ለጎን ስልክ ያቃተውን ሁሉ በመዝገብ እንጽፋለን፤ በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ጨለማ ውስጥ ያልታየውን፥ በሻደይ ምሽት የደበዘዘውን፥ በትልቅ ወረቀት ሲታተም የፈረሰውን። መዝገቡ ሲሞላ ካሜራውን የምንለምነው አምሮን ሳይሆን አስፈልጎን ይሆናል። ያን ጊዜ የሚመጣው ጂአር 4 ይሁን፥ ሌንሱ የሚለወጥና የሚጸዳ ያገለገለ ሌላ ካሜራ ይሁን መዝገቡ ራሱ ይነግረናል።

ይህን ውሳኔ ያልወደዱ ጓደኞቻችን አሉ፤ ቃላቸውን እንድናሰማላቸው ጠይቀውናል፥ ቃላችንን እንጠብቃለን። «ዘንድሮ ያሉ ሽማግሌ ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ካሜራ ይጠብቃል፥ ሞት ግን አይጠብቅም። በስልክ የተነሣው ሥዕላቸው በትልቅ ወረቀት የማይወጣ ከሆነ በማን ይተካል?» ይላሉ። ይህ ነገር ልባችንን የሚነካ ነው፤ ሙሉ መልስም የለንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው። ሽማግሌውን ዛሬውኑ በስልካችን እናንሣቸው፤ ስማቸውንና የሚነግሩንን ታሪክ እንጻፍ። የደበዘዘ ሥዕል ከነስሙ፥ ጥርት ካለ ስም የለሽ ሥዕል ለልጅ ልጅ የበለጠ ይናገራል።

በመጨረሻ ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። በየቤታችሁ በሣጥን ውስጥ ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ መካከል ያስቀመጣችሁት አሮጌ ፎቶግራፍ ቢኖር ለአንድ ቀን ብቻ አምጡልን። በፊታችሁ አንሥተን ወዲያው እንመልስላችኋለን፤ ከፎቶግራፉ አንወስድም፥ አናጎድልም። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ማንነት የምታውቁ ሰዎች በሕይወት ሳላችሁ ንገሩን፥ እንጽፋለን። ለዚህ ሥራ አዲስ ካሜራ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የእናንተ ቃልና የእኛ እርሳስ ነው። ነገ ከጠዋቱ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን እንጠብቃችኋለን።

እግዚአብሔር ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን።